የመጋረጃ ማሰሪያዋ ጨርቅ ናት፣ ፕላስቲክ ናት ወይስ ማግኔት?

የጉምሩክ ቀረጥ ሲነሣ አብዛኞቻችን ወዲያው የምናስበው መኪናን ነው፡፡ ስንት ሲሲ ነው፣ ስንት ዓመቱ ነው፣ ኤክሳይዙ ስንት መጣ እንባባላለን፡፡ ስለ መጋረጃ ማሰሪያ ቀረጥ የሚከራከር ሰው በየካፌው አይገኝም፡፡ ይሁን እንጂ የታሪፍ ምደባ የሚባለው የሕግ ዘርፍ እንዴት እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚያከራክርና የአስመጪውን ኪስ እንዴት እንደሚነካ ለማሳየት ከመኪና ይልቅ ይህች ትንሽ ዕቃ ትሻላለች፡፡ ለመኪና ራሱን የቻለ ስም ያለው የታሪፍ ቁጥር ተበጅቶለታል፡፡ የመጋረጃ ማሰሪያዋን ግን ታሪፍ አርቃቂዎቹ በስሟ ጠርተው በአንድ ቁጥር ላይ አላስቀመጧትም፡፡ ስለዚህ ሕጉ ራሱ ምን እንደሚል ማንበብ ግድ ይላል፡፡

ዕቃዋን ብዙ አንባቢ ያውቃታል፡፡ ሁለት ክብ፣ አንዳንዴም የአበባ ቅርጽ ያላቸው ጌጦች አሉ፤ በውስጣቸው ማግኔት ተቀብሯል፡፡ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የተጎነጎነ ገመድ፣ በክር የተሸፈነ ሽቦ ወይም የጨርቅ ጥብጣብ ነው፡፡ መጋረጃው ተሰብስቦ ገመዱ ይዞርበትና ጫፎቹ ሲቀራረቡ ቀጭ ብለው ይያያዛሉ፡፡ ግድግዳ መብሳት፣ መንጠቆ መትከል የለም፡፡ የተከራየው ቤት ግድግዳ እንዳይነካበት አከራይ የሚቆጣጠረው ሰው ለምን እንደወደዳት መገመት አያዳግትም፡፡

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ፡፡ የዓለም አገሮች አብዛኞቹ ዕቃን የሚመድቡት በአንድ የጋራ መዝገብ ነው፡፡ ስሙ ሃርሞናይዝድ ሲስተም ይባላል፤ ነጋዴዎቻችን ባጭሩ ኤች.ኤስ. ኮድ ይሉታል፡፡ ስምምነቱ ብራስልስ ላይ እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 1983 ተፈርሞ፣ ከጥር 1 ቀን 1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፡፡ የሚያስተዳድረው የዓለም የጉምሩክ ድርጅት ነው፡፡ ከ200 በላይ አገሮችና የኢኮኖሚ ግዛቶች ይገለገሉበታል፤ የእኛም የታሪፍ መጽሐፍ የተገነባው በዚሁ ላይ ነው፡፡ መዝገቡ በ21 ክፍሎችና በ97 ምዕራፎች ተከፋፍሏል፤ ከምዕራፎቹ 77ኛው ለወደፊት ተብሎ ባዶውን ተትቷል፡፡ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በሁሉም አገር አንድ ናቸው፡፡ ከዚያ በኋላ የሚመጡት አኃዞች የየአገሩ ናቸው፡፡ የእኛው ስምንት አኃዝ አለው፤ አሜሪካኖች አሥር ያደርሱታል፡፡

ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፡፡ ከቻይና የመጣ ፋክቱር ላይ ሻጩ የጻፈውን ቁጥር ሙሉውን ገልብጦ በዲክላራሲዮን ላይ ማስፈር የተለመደ አቋራጭ ነው፡፡ የሻጩ ቁጥር ግን ከስድስተኛው አኃዝ በኋላ ለእኛ ምንም ትርጉም የለውም፡፡ የመጀመሪያዎቹ ስድስትም ቢሆኑ የሻጩ አስተያየት እንጂ ሕግ አይደሉም፤ ሻጩ የሚያስበው ለራሱ የወጪ ንግድ ሥነ ሥርዓት የሚመቸውን ነው፡፡

ምደባው የሚመራው በስድስት የጠቅላላ አተረጓጎም ደንቦች ነው፡፡ ሕግ የተማረ ሰው ሲያነባቸው የሕግ አተረጓጎም ትምህርት በአንድ ገጽ ተጨምቆ ያገኛል፡፡ አንደኛው ደንብ የክፍሎችና የምዕራፎች ርዕስ ለማጣቀሻ ያህል ብቻ የተቀመጠ መሆኑን ይናገርና፣ ምደባው የሚወሰነው በታሪፍ ቁጥሩ ቃላትና በክፍሎቹና በምዕራፎቹ ሕጋዊ ማስታወሻዎች ነው ይላል፡፡ ብዙ ክርክር እዚሁ ያልቃል፡፡ የማያልቀው ዕቃው ከተለያዩ ነገሮች ሲሠራና ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቁጥሮች ሲሻሙበት ነው፤ ያኔ ሦስተኛው ደንብ ይመጣል፡፡ ሦስተኛው ደንብ በሦስት እርከን ይሠራል፡፡ በመጀመሪያ ዕቃውን ይበልጥ ለይቶ የሚገልጸው ቁጥር ይመረጣል፡፡ ነገር ግን ቁጥሮቹ እያንዳንዳቸው የዕቃውን አንድ ክፍል ብቻ የሚነኩ ከሆነ እኩል ይቆጠራሉ፡፡ ያኔ ለዕቃው ዋነኛ ጠባዩን የሰጠው የትኛው ክፍል ነው ተብሎ ይጠየቃል፡፡ ያም ካልለየለት፣ እኩል ሚዛን ካላቸው ቁጥሮች መካከል በቅደም ተከተል የመጨረሻው ይወስደዋል፡፡ ይህ የመጨረሻው እርከን ለሕግ ሰው ትንሽ ያሳፍራል፤ ምክንያት ሲያልቅ ቁጥሩ የበለጠ ያሸንፋል ማለት ነውና፡፡ ቢሆንም አንድ ቦታ ላይ ማብቃት ስላለበት ክፉ አይደለም፡፡

የመጋረጃ ማሰሪያዋን የሚሻሟት እነማን ናቸው? 63.04 አለ፤ ይህ ሌሎች የቤት ማስጌጫ የጨርቃ ጨርቅ ዕቃዎችን ይይዛል፡፡ 56.09 አለ፤ ከክር፣ ከሲባጎና ከገመድ የተሠሩ ዕቃዎች፡፡ 39.26 ሌሎች የፕላስቲክ ዕቃዎች ነው፡፡ 83.02 ለበር፣ ለመስኮት፣ ለመጋረጃና ለመሳሰሉት የሚሆኑ የብረታ ብረት መግጠሚያዎችን ይሸፍናል፡፡ በመጨረሻም 85.05 አለ፤ የማግኔቶች ቤት፡፡ መጋረጃው ራሱ የሚመደበው በ63.03 ነው፡፡ ማሰሪያዋ ግን መጋረጃ ስላልሆነች እዚያ ለብቻዋ አትገባም፡፡ ከመጋረጃው ጋር በአንድ ማሸጊያ ለችርቻሮ ተዘጋጅታ ከመጣች ነገሩ ይለወጣል፤ ስብስቡ ዋነኛ ጠባዩን የሚያገኘው ከመጋረጃው ስለሆነ ማሰሪያዋም ተከትላ 63.03 ትሆናለች፡፡

በቀላሉ ልጀምር፡፡ ማሰሪያዋ ከፖሊስተር ጨርቅ የተሰፋች ጥብጣብ ሆና ጫፎቿ ላይ ሁለት ትናንሽ ማግኔቶች ቢሰፉባት፣ ለኔ 63.04 ናት፡፡ የዓለም የጉምሩክ ድርጅት የሚያሳትመው ማብራሪያ በዚህ ቁጥር ሥር የሚገቡትን ሲዘረዝር ከትራስ ልብስና ከአልጋ ልብስ ጋር የመጋረጃ ማሰሪያ ቀለበትንም ይጠቅሳል፡፡ ማብራሪያው ራሱ የስምምነቱ አካል የሆነ ሕግ አይደለም፤ ነገር ግን የትም አገር ያለ ጉምሩክና ፍርድ ቤት ሳያየው አያልፍም፡፡ ማግኔቱ እዚህ የሚሠራው የአዝራርን ሥራ ነው፡፡ ሸሚዝን በአዝራሩ የሚመድብ ሰው የለም፡፡

ጨርቁ በገመድ ሲተካ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፡፡ የምዕራፍ 63 የመጀመሪያ ማስታወሻ ንዑስ ምዕራፍ አንድ፣ ማለትም 63.04ንም ጨምሮ፣ ተዘጋጅተው ያለቁ የጨርቅ ዕቃዎችን ብቻ እንደሚመለከት ይደነግጋል፡፡ ገመድ ጨርቅ ነው ወይ? ተራ የተገመደ ገመድ ምዕራፍ 56 ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ተቆርጦ ጫፉ ላይ ቀለበት ወይም መንጠቆ ቢደረግለት የሚሄደው ወደ 56.09 ነው፡፡ የማብራሪያው ምሳሌ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው የጫማ ማሰሪያ ነው! ከጫማ ማሰሪያና ከልብስ ማስጫ ገመድ ጋር የሳሎን ጌጥ አብሮ መመደቡ ለቤት እመቤቶች ደስ ላይል ይችላል፤ ሕጉ ግን ለጌጥነቱ ብዙም አይጨነቅም፡፡ በሌላ በኩል ገመድ የመሰለው ነገር የምዕራፍ 58 ጉንጉን ጥብጣብ ከሆነ ጨርቅ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ያኔ ወደ 63.04 እንመለሳለን፡፡ እንግዲህ አንድ ባለሙያ አጉሊ መነጽር ይዞ የክሩን አሠራር የሚያይበት ምክንያት አለው ማለት ነው፡፡

ዋናው ውጊያ በገበያ ላይ በብዛት በሚታየው ዓይነት ላይ ነው፤ ባለ ፕላስቲክ ወይም ባለ ሬዚን ጌጥ፣ ባለ ገመድና ባለ ማግኔት በሆነችው፡፡ የመደቢው ባለሙያ የመጀመሪያ ፈተና 85.05 ነው፡፡ የዚህ ቁጥር ጽሑፍ ቋሚ ማግኔቶችን ብቻ ሳይሆን፣ በማግኔት የሚሠሩ መጨበጫዎችን፣ ማጣበቂያ ማሰሪያዎችንና «ተመሳሳይ መያዣ መሣሪያዎችን» ይጨምራል፡፡ ላይ ላዩን ለሚያነበው ሰው ነገሩ አለቀ፤ ማሰሪያዋ በማግኔት የምትይዝ መያዣ ናት፤ ስለዚህ 85.05 ናት፡፡

በበኩሌ በዚህ አልስማማም፡፡ «ተመሳሳይ» የሚለው ቃል ከፊቱ ካሉት ቃላት ተነጥሎ አይነበብም፡፡ በዝርዝር መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጠቅላላ ቃል ትርጉሙን የሚያገኘው ከቀደሙት ዘመዶቹ እንደሆነ ማንም የሕግ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመት ይማረዋል፡፡ የቀደሙት ደግሞ የወርክሾፕ ዕቃዎች ናቸው፡፡ ማብራሪያውም ይህ ምድብ በዋነኛነት የሚመለከተው በማሽን የሚሠራን ዕቃ ከቦታው እንዳይነቃነቅ የሚይዙትን መሆኑን ይገልጻል፤ የማተሚያ ማሽን ፕሌት የሚይዙትንም እንደ ምሳሌ ያነሣል፡፡ የሳሎን መጋረጃ በቶርኖ ላይ አይጠረብም፡፡

ማግኔቱ ከዚህ ዝርዝር ቢወጣም ለብቻው «ቋሚ ማግኔት» ነው የሚል ሌላ በር አለው፡፡ እዚህ ላይ ነው ዋነኛ ጠባይ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው፡፡ ማብራሪያው የሚያቀርባቸው መመዘኛዎች የክፍሉ ዓይነት፣ መጠን፣ ብዛት፣ ክብደት፣ ዋጋና በዕቃው አገልግሎት ውስጥ ያለው ሚና ናቸው፡፡ ሚዛን ላይ ብናስቀምጠው፣ ጌጡ ትንሽ ሲሆንና ማግኔቱ ከባድ ሲሆን ማግኔቱ ያደላል፡፡ በዋጋም ቢሆን ማግኔቱ ኒዮዲሚየም ከሆነ ከገመዱ ሊበልጥ ይችላል፡፡ በሚና ግን ይለያል፤ መጋረጃውን አቅፎ የሚይዘው ገመዱ ነው፣ ማግኔቱ ገመዱ እንዳይፈታ ይቆልፋል፣ ጌጡ ለዓይን ነው፡፡ ለኔ ሚና ከክብደትና ከዋጋ ይበልጣል፤ ሰው ይህችን ዕቃ የሚገዛው መጋረጃ ለመሰብሰብ እንጂ ማግኔት ፈልጎ አይደለም፡፡ ስለዚህ ገመዱ ረጅምና ራሱን የቻለ ሲሆን የጨርቃ ጨርቁን ቁጥር፣ በ63.04 ወይም በ56.09፣ እመርጣለሁ፡፡ ሌላ ሰው ጌጡን አይቶ 39.26 ቢል አላስቀውም፤ አንዳንዱ ጌጥ በእርግጥም ከገመዱ ሦስት እጥፍ ይገዝፋል፡፡ ሁሉም እኩል ናቸው የሚል ተከራካሪ ከመጣ ደግሞ የመጨረሻው እርከን ይሠራና ከ39.26፣ ከ56.09፣ ከ63.04 እና ከ85.05 መካከል የመጨረሻው፣ ማግኔቱ፣ ያሸንፋል፡፡ ባለሙያው «እኩል ናቸው» ለማለት የሚቸኩል ከሆነ ማግኔቱ ምንም ሳይከራከር ይረታል ማለት ነው፡፡ ለዚህ ነው የመጨረሻው እርከን ላይ በፍጥነት መድረስን የማልወደው፡፡

ገመድ ጭራሽ የሌላት ዓይነትም አለች፡፡ ሁለት ቆብ ብቻ፣ መጋረጃውን ከፊትና ከኋላ ጨምቀው የሚይዙ፡፡ እዚያ ማግኔቱ ሁሉንም ሥራ ስለሚሠራ ለ85.05 እጄን እሰጣለሁ፡፡ ማብራሪያው ቋሚ ማግኔት አገልግሎቱ ምንም ይሁን ምን፣ ለመጫወቻነት የሚውሉትን ትናንሾቹን እንኳ ሳይቀር፣ እዚሁ ይቆያል ይላልና፡፡ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ መለያ አለ፤ ማግኔቱ ከብረታ ብረት ከሆነ፣ ኒዮዲሚየም እንደሚሆነው፣ 8505.11 ነው፤ ፌራይት የሚባለው ጥቁሩ የሸክላ ዓይነት ከሆነ 8505.19 ነው፡፡ አካሏ በሙሉ ከብረት የተሠራች፣ በብረት ቀለበትና በብረት ጌጥ የምትይዝ ከሆነች ደግሞ 83.02 ጠንካራ ተፎካካሪ ነው፡፡

አንባቢ «ለዚህች ይህን ያህል?» ቢል አይፈረድበትም፡፡ እስቲ በገንዘብ እንየው፡፡ ቀጥሎ ያሉት የቀረጥ ምጣኔዎች ለስሌት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፡፡ አንድ አስመጪ ወደብ ድረስ ያለው ዋጋ፣ ኢንሹራንስና ማጓጓዣ ተደምሮ 100,000 ብር የሆነ ዕቃ አመጣ እንበል፡፡ ዕቃው 35 በመቶ ቀረጥ ያለበት ቁጥር ላይ ቢወድቅ ቀረጡ 35,000 ብር ነው፡፡ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው ቀረጡ በተጨመረበት 135,000 ብር ላይ ስለሆነ 20,250 ብር ይሆናል፡፡ 10 በመቶ ሱር ታክስ ደግሞ የሚጣለው በሁሉም ድምር ላይ ነው፤ 15,525 ብር፡፡ በጠቅላላ 70,775 ብር፡፡ ያው ዕቃ 10 በመቶ ቀረጥ ያለበት ቁጥር ላይ ቢያርፍ ቀረጡ 10,000፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 16,500፣ ሱር ታክሱ 12,650 ብር ሆኖ ድምሩ 39,150 ብር ነው፡፡ ልዩነቱ 31,625 ብር ሲሆን፣ የቀረጡ ልዩነት ብቻውን 25,000 ነበር፤ የቀረው 6,625 ብር ታክስ በታክስ ላይ ሲቆለል የመጣ ነው፡፡ በመነሻው ዋጋ ላይ ብቻ የሚሰሉትን ክፍያዎች ትቻቸዋለሁ፤ ቁጥሩ ቢቀያየርም እነሱ አይለወጡምና፡፡ አንድ ኮንቴይነር ሙሉ የጫነ ሰው ስሌቱን ለራሱ ያብዛው፡፡

ቁጥሩ የሚወስነው ቀረጥን ብቻም አይደለም፡፡ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት ለ38 የዕቃ ዓይነቶች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ አግዶ፣ እገዳው እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ድረስ ጸንቶ ነበር፡፡ እንዲህ ያለ ዝርዝር በሚወጣበት ጊዜ የአንድ ዕቃ ምደባ የቀረጥ ጥያቄ መሆኑ ይቀርና የመግባትና ያለመግባት ጥያቄ ይሆናል፡፡ ከላኪው በኩልም ቢሆን ቻይና እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 በአንዳንድ ብርቅ ማዕድናትና እነሱ በገቡባቸው ማግኔቶች ላይ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ጥላለች፡፡ ለመጋረጃ ጌጥ ተብሎ የወጣ ቁጥጥር አይደለም፤ ነገር ግን ዕቃዬ ማግኔት ነው ብሎ የሚያስመዘግብ ሰው ጥያቄ ቢመጣበት ሊደነቅ አይገባም፡፡

ክርክሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ሁለት የአሜሪካ ጉዳዮችን ላንሣ፡፡ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1893 ቲማቲም ለታሪፍ ሲባል ፍራፍሬ ሳይሆን አትክልት ነው ብሎ ወስኗል፡፡ ፍራፍሬ ከቀረጥ ነፃ፣ አትክልት 10 በመቶ ይከፈልበት ነበር፡፡ የዕፅዋት ሳይንስ ሌላ ቢልም ፍርድ ቤቱ የገበያውንና የማዕዱን አነጋገር መርጧል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤቱ ስናጊ የተባለውን ባለ እጅጌ ብርድ ልብስ መረመረ፡፡ ጉምሩክ እጅጌ ስላለው ልብስ ነው፣ 14.9 በመቶ ይክፈል ብሎ ነበር፡፡ ፍርድ ቤቱ ሰው ለምን እንደሚጠቀምበት አይቶ ብርድ ልብስ ነው፣ 8.5 በመቶ ነው አለ፡፡ እጅጌው አንድ ክፍል ነው እንጂ የዕቃው ማንነት አይደለም ማለቱ ነው፡፡ ስለ ማግኔቱ ያልኩትን ይኸው አይደግፍም ትላላችሁ?

እነዚህን ጉዳዮች ማንም ሰው አግኝቶ ሊያነባቸው መቻሉ ከፍርዱ ይዘት ባልተናነሰ ያስቀናል፡፡ የአሜሪካ ጉምሩክ ለአስመጪዎች ጥያቄ የሚሰጣቸውን የምደባ መልሶች ከነምክንያታቸው ያትማል፤ በክፍያ አይደለም፡፡ በአውሮፓ ኅብረት አስመጪው አስቀድሞ ጠይቆ የሚያገኘው የታሪፍ ውሳኔ ለሦስት ዓመት ጉምሩኩንም ራሱንም ያስገድዳል፡፡ የግብር ሕግ ዋና ምሰሶ አስቀድሞ መታወቁ ነው፡፡ አንድ ዓይነት ዕቃ ዛሬ ሞጆ ላይ ጨርቅ፣ ነገ ቃሊቲ ላይ ማግኔት ሊባል የሚችልበት ክፍተት ካለ፣ ተጎጂው አጭበርባሪው አይሆንም፤ እሱ መንገዱን ያውቃል፡፡ ተጎጂው ሸቀጡን ሳይሸጥ ዋጋውን የተመነው ሐቀኛው ነጋዴ ነው፡፡ ስለሆነም የምደባ ውሳኔዎች፣ የአስመጪው ስም ወጥቶላቸው፣ ምክንያታቸው ተጽፎ በአንድ ቦታ ቢታተሙ መንግሥት የሚያጣው ገቢ አይታየኝም፡፡

እስከዚያው ለአስመጪው የምመክረው ሥራው ከትዕዛዝ በፊት እንዲጀምር ነው፡፡ ናሙና ያስመጣ፤ ይፍታው፤ ገመዱን፣ ጌጡንና ማግኔቱን ለየብቻ ይመዝን፤ ሻጩ የየክፍሉን ዋጋ ለይቶ እንዲጽፍለት ይጠይቅ፡፡ ይህን ይዞ የምደባ ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርብ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል፡፡ የትራንዚተር የቃል ማረጋገጫ፣ ትራንዚተሩ የቱንም ያህል ልምድ ቢኖረው፣ ዕቃው ከወጣ በኋላ ኦዲት ሲመጣ ሰነድ አይሆንም፡፡ በምደባው ያልተስማማ ሰው በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት አቤቱታውን በመጀመሪያ ለራሱ ለተቋሙ አቤቱታ ሰሚ ያቀርባል፣ ካልረካ ወደ ይግባኝ ኮሚሽን፣ በሕግ ስህተት ደግሞ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል፡፡ አቤቱታው ሲጻፍ «ቀረጡ በዛብኝ» የሚለው ቃል ምንም አይረዳም፡፡ የሚረዳው የትኛው ደንብ፣ የትኛው የምዕራፍ ማስታወሻ ተጣሰ የሚለው ነው፡፡

ፋክቱሩ ላይም «የመጋረጃ አክሰሰሪ» ብሎ ማለፍ ለመደቢው ባለሙያ ባዶ ወረቀት መስጠት ነው፡፡ «የመጋረጃ ማሰሪያ፣ ከተጎነጎነ የፖሊስተር ጥብጣብ የተሠራ፣ ርዝመቱ ይህን ያህል፣ ሁለት የፕላስቲክ ጌጦች ያሉት፣ በውስጣቸው መዝጊያ የፌራይት ማግኔት ያለው፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ለችርቻሮ የታሸገ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ክርክሩ ከመነሻው ግማሽ መንገድ ሄዷል፡፡